«አልፎ አልፎ ነው የማጨሰው» — ልማድ ነው ወይስ ሱስ?

በካኩማ ገበያ ባሉት የሐበሻ ቡና ቤቶች ከሰዓት በኋላ ገባ ብሎ የተቀመጠ ሰው አንድ አባባል ሳይሰማ አይወጣም። «እኔ እንኳ ሱሰኛ አይደለሁም፤ አልፎ አልፎ ነው።» ይህን የሚለው ወንድማችን አብዛኛውን ጊዜ ፓኮ አይገዛም። በሱ አስተያየት ፓኮ የሚገዛው ዋናው አጫሽ ነው፤ እሱ የሚገዛው ፍሬ ነው። ከቡና ጋር አንድ፣ በርጫ ላይ ሁለት ሦስት፣ ማታ ወሬ ሲደራ ደግሞ ከጓደኛ አንድ። ጠዋት አይነካም። እንዲያውም ጫት ያልተቃመበት ሳምንት ከሆነ ምንም ሳያጨስ ይውላል ያድራል። ታዲያ ይህ ሰው ሱስ ይዞታል ወይስ አልያዘውም?

ጥያቄው የሚመለከታቸው ወገኖች ብዙ ናቸው። ካኩማ ብቻ ሳይሆን ዳዳብም፣ ናኪቫሌም ያው ነው። ሲጋራ ብቻም አይደለም፤ ጋያ የሚስቡ የጋምቤላ ወገኖቻችን አሉ፣ ሺሻ የለመዱ ወጣቶች አሉ። ለማንኛውም እዚህ የምናወራው በቀን ፓኮ ስለሚጨርሰው ሰው አይደለም። እሱ ራሱን ያውቃል፤ ሳሉም ይነግረዋል። የምናወራው ራሱን አጫሽ ብሎ ስለማይቆጥረው ሰው ነው።

በቋንቋችን ሱስ የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። እናቶቻችን «ቡና ሱሴ ነው፤ ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል» ሲሉ ማንም አያፍርባቸውም። ጎረቤት ይስቃል፣ ጀበናው ይጣዳል። ሲጋራ ላይ ሲደርስ ግን ያው ቃል ስድብ ይሆናል። ሱሰኛ ማለት የወደቀ፣ የሚስቱን ነጠላ የሸጠ፣ ከሰው የተለየ ማለት ሆኖ ቁጭ ይላል። በቀን ሦስት አራት የሚያጨስ ሰውም ያንን ስም ላለመሸከም «ልማድ ነው» ይላል። ልማድ ከሆነ የፈለጉ ቀን ይተዉታላ!

የሚገርመው በእነዚሁ ሁለት ቃላት ላይ ትልልቅ ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ተወዛግበዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።) የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም ጽሕፈት ቤት በ1964 ባወጣው የታወቀ ሪፖርት ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ በግልጽ ቢናገርም፣ ማጨስን ግን «ልማድ» ነው እንጂ «ሱስ» አላለውም። ያኔ ሱስ የሚባለው እንደ ሄሮይን ያለው ብቻ ነበር። ያው መሥሪያ ቤት ቃሉን ያረመው ከ24 ዓመት በኋላ በ1988 ነው። በሲጋራ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ሱስ እንደሚያስይዝ፣ አያያዙም ከሄሮይንና ከኮኬይን ጋር እንደሚመሳሰል አስታወቀ። አምራቾቹ ግን አስቀድመው ያውቁት ነበር። ብራውን ኤንድ ዊልያምሰን የተባለው የአሜሪካ የሲጋራ ኩባንያ የሕግ ኃላፊ በ1963 በውስጥ ጽሑፍ ላይ ኒኮቲን ሱስ እንደሚያስይዝ፣ የድርጅቱ ሥራም እሱን መሸጥ እንደሆነ ጽፎ ነበር። ጽሑፉ የወጣው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። በ1994 እንኳ የሰባት ትልልቅ ኩባንያዎች ኃላፊዎች በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት እጃቸውን አንስተው ምለው ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለው እንደማያምኑ ተናግረዋል። እንግዲህ «ልማድ ነው» የሚለው ቃል ለማን እንደሚመች ከዚህ ማየት ይቻላል።

ይሁንና እውነቱን እንናገር ካልን፣ አልፎ አልፎ የሚያጨስ ሁሉ ሱሰኛ ነው ማለትም ትክክል አይደለም። ሶል ሺፍማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በቀን ከአምስት ፍሬ የማይበልጥ እያጨሱ ብዙ ዓመት የቆዩ ሰዎችን አጥንቷል። ሲያቆሙ የማይበሳጩ፣ እንቅልፍ የማያጡ፣ ሲጋራ ቢኖርም ባይኖርም ግድ የማይሰጣቸው ሰዎች በመካከላቸው አግኝቷል። እንደነዚህ ያሉ አሉ። በሌላ በኩል ጆሴፍ ዲፍራንዛ የተባለው ሐኪም ወጣቶችን ሲከታተል፣ አንዳንዶቹ ገና በየቀኑ ማጨስ ሳይጀምሩ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሐራራ እንደሚይዛቸው አይቷል። ሁለቱም ሐኪሞች የሚሉትን አንድ ላይ ብናደርገው የምናገኘው ነገር ይህ ነው፦ የፍሬው ብዛት ብቻውን ምንም አይነግረንም። አንዱ በቀን አራት አጭሶ ነፃ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው በሳምንት አራት አጭሶ ታስሮ ሊሆን ይችላል።

እና በምን ይታወቃል?

ዲፍራንዛና ባልደረቦቹ በ2002 አሥር ጥያቄ ያለው መጠይቅ አውጥተዋል። ስለ ፍሬ ብዛት አይጠይቅም። ለማቆም ሞክረህ አቅቶህ ያውቃል? ሐራራው በጣም ሲይዝህ ይሰማሃል? ማጨስ በማይፈቀድበት ቦታ መታገሡ ከብዶህ ያውቃል? ሳታጨስ ስትቀር ነገር ቶሎ ያናድድሃል? ሐሳብህን መሰብሰብ ያቅትሃል? የመሳሰለ ነው። ከአሥሩ ለአንዱ እንኳ «አዎ» ያለ ሰው በሲጋራ ላይ ያለው ሥልጣን መሸርሸር ጀምሯል ይላሉ።

ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን የተጻፉት ለአሜሪካ ተማሪዎች ነው። ለኛ ኑሮ የሚስማማ መፈተኛ እዚሁ ሰፈራችን ሞልቷል። አንደኛው የሱቋ የዱቤ ደብተር ነው። «በቀን ሁለት ብቻ ናት» የሚል ወንድም በወር መጨረሻ ሒሳቡ ሲነበብለት «ይሄ ሁሉ የኔ ነው?» ብሎ ይጨቃጨቃል። እትዬ ግን የጻፈችው የወሰደውን ነው። በፍሬ የሚገዛ ሰው ስንት እንዳጨሰ የሚቆጥርበት ባዶ ፓኮ የለውም፤ ከጓደኛ የተቀበለውንም አይቆጥርም፣ የተካፈለውን ግማሽም አይቆጥርም። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት፣ ምንም ሳይቀንሱ፣ ያጨሱትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጭረት እያደረጉ መመዝገብ ብቻውን ብዙ ያሳያል።

ሁለተኛው መፈተኛ ጾም ነው። በረመዳን ከንጋት እስከ ጀንበር መግቢያ ሳያጨሱ የሚውሉ ብዙ ናቸው። ይህን አይተው «ይኸው ቻልኩ፣ ሱስ የለብኝም» ይላሉ። መታየት ያለበት ግን መዋላቸው ሳይሆን ሲያፈጥሩ እጃቸው መጀመሪያ የሚሄድበት ነው። ውሃውና ቴምሩ ላይ ነው ወይስ ኪሳቸው ውስጥ ላይተሩ ላይ?

ሦስተኛው በርጫ ነው፤ ይሄ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ጫት የሚቅም ሰው በምርቃና ሰዓት ሳያጨስ ቢቀመጥ ምን ይሰማዋል? «ያለ ሲጋራ አይመረቅንም» የሚሉ ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ ጉዳዩን ማስረዳት ያስፈልጋል። ሲጋራ ሲሳብ ኒኮቲኑ አንጎል ላይ የሚደርሰው በ10 እና 20 ሴኮንድ መካከል ነው። አንጎልም ያንን ደስታ አብሮት ከነበረው ነገር ጋር አያይዞ ይይዘዋል፤ ከቡናው ሽታ፣ ከጫቱ፣ ከጓደኛው ድምፅ ጋር። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሲመጣ ፍላጎቱም አብሮ ይመጣል። አልፎ አልፎ የሚያጨሰው ሰው «ሰኞና ማክሰኞ ትዝም አይለኝ» ሲል አልዋሸም። ሰኞና ማክሰኞ ቀስቃሹ የለማ! ሐራራው በሰዓት አይመጣበትም፤ በቦታና በሰው ነው የሚመጣበት። ይህ ሱስ አይደለም ማለት አይቻልም፤ የሚነሳበት ቀን የተለየ ሱስ ነው።

ጠዋት ከእንቅልፍ በተነሳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲጋራ የሚፈልግ ሰው ካለ ግን ብዙ መጠየቅ አያስፈልገውም። ኒኮቲን በደም ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ ያህል በግማሽ ስለሚቀንስ ሌሊቱን አብዛኛው ይወጣል፤ ጠዋት የሚነሳው ፍላጎት ሰውነት ራሱ የሚጠይቀው ነው። ሐኪሞችም የሱስን ጥንካሬ ለመለካት ከሚጠቀሙባቸው ጥያቄዎች ዋነኛው ይኸው ነው።

«ምን አለበት፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ነው»

ሱስም ባይሆን እሺ፣ ጉዳት የለውም ወይ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን በሒሳብ እንሳሳታለን። ሃያ ፍሬ የሚያጨስ ሰው መቶ ቢጎዳ አንድ ፍሬ የሚያጨስ አምስት ይጎዳል ብለን እናሰላለን። ለሳንባ ካንሰር ነገሩ በብዛቱ ልክ ቢጨምርም ለልብና ለደም ሥር ግን እንደዚያ አይሠራም። በ2018 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን የሰበሰበ ሥራ እንዳሳየው፣ በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው በቀን 20 የሚያጨሰው ከሚደርስበት ተጨማሪ የልብ በሽታ አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። በኖርዌይ ተደርጎ በ2005 የታተመ ጥናትም በቀን ከ1 እስከ 4 ፍሬ የሚያጨሱ ሰዎች በልብ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ጨርሶ ከማያጨሱት ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አግኝቷል። ደም ሥር የመጀመሪያዋን ሲጋራ «አንዲት ናት» ብሎ አያልፋትም።

በካምፕ ደግሞ ሌላ አለ። ማጨስ የሳንባ ነቀርሳን አደጋ ወደ ሁለት እጥፍ ያሳድጋል፤ ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤታችንም አንድ ክፍል ነው። ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣራ፣ አምስት ስድስት ነፍስ። አባት በር ላይ ቆሞ ቢያጨስ እንኳ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በጨቅላ ሕፃን ሳንባም ውስጥ ያድራል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ያህሉ አይጎዳም የሚባል የሰው ጭስ መጠን የለም ይላል።

ሕፃናቱን ካነሳን፣ ሳይነገር ማለፍ የሌለበት ነገር አለ። ስምንት ዓመት ያልሞላውን ልጅ «ሂድ አንድ ፍሬ አምጣልኝ፣ እሳትም ለኩስልህ በላት» ብሎ መላክ በሰፈራችን የተለመደ ነው። ልጁ መንገድ ላይ እንዳይጠፋ አንድ ጊዜ ሳብ ያደርጋል። በቃ፣ ጀመረ ማለት ነው። ኬንያ በ2007 ያወጣችው የትምባሆ ቁጥጥር ሕግ ለልጆች መሸጥን ብቻ ሳይሆን ከአሥር ፍሬ ባነሰ እሽግ መሸጥንም ይከለክላል። ኢትዮጵያም በ2019 ባወጣችው አዋጅ በነጠላ መሸጥን ከልክላ ዕድሜውን 21 አድርጋዋለች። ሕጎቹ ነጠላ ፍሬን ለይተው የነኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፓኮ መግዛት የማይችለውን ልጅና ድሃ ወደ ሲጋራ የሚያስገባው በር እሱ ነው፤ ላቆመውም ሰው መመለሻ በር ነው። በሱቆቻችን ግን ፓኮው ተከፍቶ ከከረሜላው ጎን ተቀምጧል።

ገንዘቡስ? ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፤ ለስሌት ያህል አንዱን ፍሬ 10 ሽልንግ እንበል። በቀን አራት ፍሬ 40 ሽልንግ፣ በወር 1,200፣ በዓመት 14,600 ይሆናል። ራሽን ሙሉ በነበረበት ጊዜ ይህ ላይታይ ይችል ነበር። በ2025 የካኩማ ራሽን ክፉኛ ሲቀነስ ግን የዘይቱ ገንዘብ የት እንደሄደ በየቤቱ ጠብ ሆኗል። ሚስት ስትጠይቅ «ሲጋራ አላጨስም እኮ፣ አልፎ አልፎ ነው» የሚለው መልስ እዚህ ላይ አያስኬድም።

ጭንቀቱስ በምን ይወጣ?

ይህ ከሁሉም የሚበረታው ክርክር ነው፤ ማንም በቀልድ ሊያልፈው አይገባም። እዚህ ያለ ሰው የሚያጨሰው ስለሚጠግብ አይደለም። ኬዙ አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ቆሟል። በጥር 2025 የአሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ሲታገድ ሻንጣቸውን አሥረው የነበሩ ሰዎች መልሰው ፈትተዋል። ከቦርዱ ፊት ስሙን አጥቶ የተመለሰ ሰው ሱቅ ጋ ቆሞ አንድ ፍሬ ቢለኩስ ምን ይባላል?

ነገር ግን ሲጋራው የሚያበርደው የትኛውን ጭንቀት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ኒኮቲን ከሰውነት ሲጎድል ራሱ መቁነጥነጥና መበሳጨት ያመጣል። ሲጋራ ሲለኮስ ያ ይበርዳል። ሰውየው ግን የበረደለት የኬዙ ጭንቀት ይመስለዋል። ኬዙ እዚያው ነው ያለው። በ2014 የታተመ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው፣ ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች ከሳምንታት በኋላ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው ካላቆሙት ይልቅ ቀንሷል። የአእምሮ ሕመም ያለባቸውም ሳይቀሩ ያው ነው። መጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ይብሳል፤ ብዙ ሰው «ሳቆም ባሰብኝ» ብሎ የሚመለሰው በዚያ ሰዓት ነው።

ለማቆም የሚፈልግ ሰው ቀኑን ይቁረጥ። ቀስ በቀስ መቀነስ ለብዙ ሰው የተሻለ ይመስላል፤ በእንግሊዝ ተደርጎ በ2016 የታተመ ሙከራ ግን በአንድ ቀን የቆረጡት ቀስ ብለው ከቀነሱት የተሻለ እንደተሳካላቸው አሳይቷል። ቀን ሲመረጥ ከራሽን ማግሥት ወይም ከበዓል ዋዜማ መራቅ ብልህነት ነው፤ ገንዘብም ጨዋታም በሚበዛበት ቀን አይጀመርም። ከባዶቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ናቸው። ከዚያ በኋላ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት እያለ እያለ ይቀንሳል። አንዱ ሐራራ ራሱ ተነስቶ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ አንድ ጆግ ውሃ ከቧንቧ ቀድቶ እስኪመለሱ ድረስ ያልፋል። አፍ ሥራ ይፈልጋል፤ ለዚህ መፋቂያና ቆሎ ከምንም ይበልጣሉ። ቱርካና ጎረቤቶቻችን የሚያኝኩትን ትምባሆ ግን በምትኩ መያዝ አይሆንም፤ ያም ኒኮቲን ነው።

ለሐበሻ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ቡና። የሲጋራ ጭስ ጉበት ቡናን ቶሎ ከሰውነት እንዲያስወጣ ያደርጋል። ስለዚህ ያቆመ ሰው የድሮውን ያህል ቡና ከጠጣ በደሙ ውስጥ ከድሮው የበለጠ ይከማቻል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል። በየቀኑ የሚያጨሱት ላይ ይበልጥ ይታያል። ሰውየው «ሲጋራ ማቆሜ ነው ያመመኝ» ይላል፤ አንዳንዴ ግን ሦስተኛው ስኒ ነው። ለጥቂት ሳምንት አቦልን ጠጥቶ ቶናና በረካን ለጎረቤት መተው አይከፋም። በዚሁ ምክንያት ለአእምሮ ሕመም ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የሚወስድ ሰው ከማቆሙ በፊት ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊጨምርበት ስለሚችል መጠኑ መስተካከል ይኖርበታል።

በርጫውን በተመለከተ መካከለኛ መንገድ ያለ አይመስለኝም። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት እየቃሙ ሲጋራ አቆማለሁ ማለት እሳት አጠገብ ቅቤ ማስቀመጥ ነው። ጓደኝነቱ እንዳይቋረጥ ከፈለጉ ከጓደኞች ጋር በሌላ ሰዓት፣ በኳስ ሜዳ ወይም በሻይ መገናኘት ይቻላል። ሱቅ ጋ ደግሞ አፍ አውጥቶ መናገር ይጠቅማል። «እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ብለምንሽም እንዳትሸጪልኝ፤ በዱቤማ ጨርሶ!» የሚል ቃል ከሰው ፊት ሲወጣ ክብደት አለው።

ቤተሰብም ስድቡን ቢተው ጥሩ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ የሚያጨሱትን ከንፈር፣ የሚያሸቱትን አፍንጫ ያስቆርጡ እንደነበር ተጽፏል። ትምባሆ ግን ከዚያም በኋላ አገር ውስጥ ነበር። ዛሬም «ዱርዬ» የተባለ ልጅ ከሽንት ቤት ጀርባ ሄዶ ያጨሳል እንጂ አያቆምም። እህቶቻችንማ ስድቡን ፈርተው ፈጽመው ስለሚደብቁት፣ እርዳታ የሚጠይቁበት አፍ እንኳ የላቸውም። ያቆመ ሰው አንድ ቀን ተሳስቶ አንድ ፍሬ ቢያጨስ ደግሞ ሁሉም ነገር ፈረሰ ማለት አይደለም። በሚቀጥለው ቀን ይቀጥላል። አብዛኛው ሰው ጨርሶ ያቆመው ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክሮ ነው።

የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ የሚለጠፈው ፕላስተር ከ2009 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ይህ ማለት በየካምፑ ክሊኒክ አሉ ማለት አይደለም፤ ግን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም ማለት ነው። አልፎ አልፎ የሚያጨስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለ መድኃኒት ማቆም ይችላል። ሆኖም ለሌላ ሕመም ክሊኒክ ስትገቡ ሐኪሙ «ታጨሳለህ?» ሲል «አላጨስም» አትበሉ፤ በሳምንት ስንት እንደሆነ፣ ከምን ጋር እንደሆነ ተናገሩ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለ ደግሞ «የሲጋራ ሳል ነው» ብሎ ቤት መቀመጥ አይገባም፤ አክታ ማስመርመር ያስፈልጋል።